ጤፉ እስኪታጨድ

ሥራዬ አኩሪ አተር ማዳቀል ነው። አበባዋ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ከመፍካቷ በፊት ወንዴ ክፍሏን በወረንጦ እነቅልና የሌላ ዘር ብናኝ እቀባታለሁ። የምፈልገው ቅርፊቱ ደርቆም የማይፈነዳ ዘር ነው። ገበሬው የያዘው ዘር ብዙ ይሰጣል፤ ግን ከደረሰ በኋላ ትንሽ ከዘገዩበት ቅርፊቱ ተጠማዞ ይሰነጠቅና ፍሬው ይረግፋል።

ካቻምና ካዳቀልኋቸው የተገኘውን ሁለተኛ ትውልድ የዘራሁት ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ በአንድ አዛውንት ባልና ሚስት ማሳ ላይ ነበር። ለማነጻጸሪያም የድሮውን ዘር በየመካከሉ ዘራሁ።

የማጨጃው ጊዜ ደርሶ ማጭድና ከረጢት ይዤ ስወርድ፣ ባልና ሚስቱ ከቤት ሲወጡ አገኘኋቸው። ጎረቤታቸው ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ጤፉ ደርሷል፤ ማታ ማታ ደግሞ ያካፋል። መንደሩ በሙሉ ለደቦ ተጠርቷል።

«የኔስ አኩሪ አተር?» አልኋቸው ሴትዮዋን።

«አብሽሪ ልጄ፣ ጤፉ ሲያልቅ ሁላችንም እናጭድልሻለን።»

«እስከዚያ ይረግፋል እኮ፣ እናቴ።»

«ታዲያ የሰውየው ጤፍ ዝናብ ይምታው?»

ከረጢቱን ቤታቸው ጣልሁና ማጭዴን ይዤ ተከተልኋቸው።

ጤፉ እስኪያልቅ ሰነበትን። ወገቤ ተቆረጠ፤ ማጭድ አያያዜ የሴቶቹ መሳቂያ ሆነ። እግሩ የተሰበረው ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «አላህ ይስጥልኝ» እያለ ያለፈ ያገደመውን ይመርቃል። ለጿሚው ሽሮ፣ ለሌላው ወጥ ለብቻ ይቀርባል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ፀሐዩ ሲከር ብቻ ከማዶ ጠሽ፣ ጠሽ የሚል የቅርፊት ድምፅ ሲመጣ ማጨዴን አቁሜ ወደ መደቦቼ አያለሁ።

የመጨረሻው ነዶ ሲከመር ከሴትዮዋ ጋር ወደ መደቦቼ ሄድን። የድሮው ዘር ባዶ ቅርፊቱን ይዞ ቀርቷል፤ ሥሩ ያለው መሬት በረገፈው ፍሬ ቢጫ ሆኗል። ካዳቀልኋቸው ግን ገሚሶቹ ረግፈው ገሚሶቹ ፍሬያቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አንዱን በጣቴ ጨመቅሁት። አልተከፈተም።

«እነዚህ ከረገፉት ጋር እናታቸው አንድ ናት?» አሉ ሴትዮዋ።

«እናትም አባትም አንድ ናቸው። ግን አንዱ የእናቱን ይወርሳል፣ ሌላው የአባቱን።»

«እንደኔ ልጆች ናቸዋ። አንዱ የሰጡትን አጥብቆ ይይዛል፣ አንዱ እጁ ላይ አይበረክትም።» ሳቁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

በማግስቱ ደቦው ወደኔ ዞረ። የቆሙትን እያንዳንዳቸውን በየከረጢታቸው ለይቼ አሰርሁ፤ ጠባዩ ለልጆቻቸው ማለፉን የማውቀው ለከርሞ ዘርቼ ሳየው ነው። ባልየው ካልረገፉት አንድ እፍኝ ቅርፊት በዱላ ቢመቱት ቢመቱት አልለቅ አላቸው።

«ልጄ፣ አበዛሽው መሰለኝ» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ።

ሴትዮዋ የረገፈውን ከመሬት ለቅመው ቆሉት። ትኩሱን ዛፍ ሥር ተቀምጠን በላነው።