በቄሴ በቅሎ የተወዳደርሁ ጊዜ

ባለፈው ሰንበት የልጅ ልጄ ሰናይት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "እማማ፣ ይችን ይዩዋት" አለችኝ። አንዲት ፈረንጅ ከባሕር እየተንጠባጠበች ወጣች፤ ሮጣ ብስክሌት ላይ ጉብ አለች፤ ዳገት ቁልቁለቱን ስትል ቆይታ ደግሞ ብስክሌቷን ትታ በእግሯ ትሮጥ ጀመር። ፀሐዩ ፊቷን አቅልቶታል። በመንገዱ ዳር የቆመው ሰው ውሃ ሲያቀብላት ቀና ብላም አታየው፤ ነጥቃ ማለፍ ብቻ ነው።

"እንዲህ ያለውንማ እኔም ተወዳድሬያለሁ" አልኋት።

"እርስዎ? በብስክሌት?"

"በበቅሎ።"

እስኪያማት ሳቀች። እሷ ካላመነችኝ እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቆጥሬዋለሁና፣ ወሬው ቢንዛዛ እንጂ መጻፉስ አያቅተኝም።

ጊዜው የደርግ ነው። ጓድ ደምሴ የሚባል ቀጭን፣ ባለ መነጽር ካድሬ ባሕር ማዶ ተምሮ ቢቸና ተመደበ። አንድ ቀን እኛን ኮረዶቹን ቀበሌ ሰበሰበንና፣ "እኔ በተማርሁበት አገር ሰው በአንድ ቀን ይዋኛል፣ ብስክሌት ይነዳል፣ ከዚያም ይሮጣል" አለን።

ከኋላ አንዷ፣ "ምን አጥፍቶ ነው?" አለች።

ብንስቅም እሱ አልሳቀም። ብስክሌት በከተማው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የፊት ጎማ የላትም። "እንግዲያው በበቅሎ ይሆናል" አለ። "ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ከሞጣ ልጆች ጋር ለመወዳደር በመኪና ሞጣ ይሄዳሉ።"

ሞጣ ሲል ልቤ ዘለለ። እኅቴ እታለም ሞጣ ተድራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ የደም ዘመድ ደጃፏን አልረገጠም። በዚያ ወራት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ የላከችው ቃል በነጋዴ አፍ ደረሰን፦ "ሴት ልጅ ወልጃለሁ። የመጪው እሑድ ክርስትናዋ ነው፤ ከወገን አንድ ሰው እንኳ ይቁምልኝ።" አባቴን ወገቡ ይዞት ነበር፤ እኔን ደግሞ ብቻዬን በዚያ ሁሉ መንገድ አይሰድም። "በመኪና፣ ከልጃገረዶቹ ጋር ከሆነ ግን ሂጂ" አለኝ። እንግዲህ ከሦስቱ አንዷ መሆን አለብኝ።

በቤታችን ግን አህያ እንጂ በቅሎ የለም። የንስሐ አባታችንን ቄስ አለነን ሄጄ ለመንኋቸው። "ውሰጃት ልጄ" አሉኝ፤ "ዳማ ገር ናት። ሰውም ታከብራለች።" ሰው ታከብራለች ማለት ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ግንቦት ነው። የታረሰው መሬት ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል፤ ገና በጠዋቱ ድንጋዩ እግር ይፋጃል። በማር የተበጠበጠ በሶ ጠጥቼ፣ ጥቂት ሽምብራ ቆሎ በመቀነቴ ቋጥሬ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ወረድሁ። ዘጠኝ ነበርን። ወንዶቹ እንዳያዩን ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው እንደ መጋረጃ ቆሙልን። ዋናን በልጅነቴ ከአጎቴ ዘንድ፣ ከየጁቤ በታች ቆላው ውስጥ ለምጄው ነበርና፣ ሌሎቹ ገና ውሃ ሲተፉ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ቀሚሴ እየተንጠባጠበ ዳማ ላይ ጉብ አልሁ። አሸነፍሁ ብዬ!

የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጋመስ አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት በመንገዱ ዳር ብቅ አሉ። ዳማ ቀጥ አለች። ብላት፣ ብገፋት፣ ወይ ፍንክች! አሮጊቷ በዳበሳ መጡና ግንባራቸውን ወደ ጉልበቴ አስጠጉ።

"ቄሴ፣ ይባርኩኝ።"

"እማማ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም!"

"ውይ፣ ምነው ድምፅዎ ቀጠነ? ደግሞስ ምነው ረጠቡ?"

"እማማ በእግዜር፣ ይልቀቁኝ፣ ውድድር ላይ ነኝ!"

"ሳይፈቱኝማ አልለቅም።"

አንዷ አለፈችኝ። ሁለተኛዋም አለፈች። ላለቅስ ደረስሁ፤ "እግዜር ይፍታዎ!" ብዬ ጮህሁ። ይህን ስል ዳማ እንደ ጥይት ተወረወረች፤ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ያኔ ገባኝ። ቄሴ በመንገድ ባገኟቸው ሰዎች ሁሉ ዘንድ ቆመው መስቀል ያሳልማሉ፤ "እግዜር ይፍታህ" ብለው ያልፋሉ። ዳማም ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሰው ስታይ መቆም፣ "ይፍታ"ን ስትሰማ መሄድ። በዚያን ዕለት ደግሞ የቢቸና ሰው አንድ ሳይቀር ለማየት መንገድ ዳር ወጥቷል!

ምን ላድርግ? የወተት ቅል ከያዙት ሴቶች ዘንድ ቆመች፤ "እግዜር ይፍታችሁ!" ከገበሬዎቹ ዘንድ ቆመች፤ "እግዜር ይፍታችሁ!" የሚስቀው ይስቃል፤ ከልማድ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ የሚነሣም አልጠፋ። "ቄሲት! ለኛም ጨምሪልን!" እያሉ ከወዲያ ማዶ ይጮሁብኛል። ሁለተኛውን ዳገት በዚህ ሁኔታ ጨረስነው፤ እስከዚያ አምስቱ ቀድመውኛል።

ከሦስተኛው ዳገት አናት ላይ ጓድ ደምሴ ፊሽካ ይዞ መሐል መንገዱን ቆሟል። ዳማ ሄዳ ፊቱ ተገተረች።

"ምን ትጠብቂያለሽ? እለፊ!"

"እምቢ አለችኝ ጓድ።"

"ምቻት!"

"የቄስ በቅሎ እንዴት ይመታል?"

ሕዝቡ ሊሰማ ጠጋ ጠጋ አለ። በዚያ ዘመን በካድሬ ፊት የእግዜርን ስም መጥራት የዋዛ አልነበረም። እታለም ታየችኝ፤ ያቺ ስም ያልወጣላት ሕፃንም ታየችኝ። በለሆሳስ "እግዜር ይፍታዎ" አልሁ። ዳማ አልሰማችም።

ከሕዝቡ መሐል አንዱ፣ "ኧረ ጮክ በይ፣ ኃጢአቱ ብዙ ነው!" አለ።

ጮህሁ። ዳማ ጓድ ደምሴን ታካ ነጐደች። ዞር ብዬ ሳየው ፊሽካውን በአፉ እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው እግር ብቻ ነው። ዳማን አስረክቤ፣ ቀሚሴን በመቀነት ሰብስቤ ሮጥሁ። ላቤ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ አቧራው ጉሮሮዬ ውስጥ ሊጥ ሆኗል። አንዷን አለፍሁ፣ ሁለተኛዋን አለፍሁ። ገበያው ሜዳ ስገባ የሦስተኛዋ ቀሚስ ጫፍ በእጄ ሊነካ ነበር። አልነካሁትም። አራተኛ ወጣሁ።

ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ ስነፋረቅ ቄሴ መጡ። "ይፍታ" ያልሁትን ሰው አንድም ሳላስቀር ተናዘዝሁላቸው።

"ጓድ ደምሴንም ጭምር?" አሉኝ።

"እሱንም ጭምር።"

ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነው። "ካህን ሳትሆኚ ብለሽዋልና አርባ ስግደት አለብሽ። አሁን በዓለ ኀምሳ ነው፤ ኀምሳው ሲያልፍ ትሰግጃለሽ። ለዳማ መቆም ግን በደለኛው እኔ ነኝ። ሰውን ረግጣ እንዳታልፍ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።"

በማግሥቱ ጠዋት፣ ለእታለም ያነጠርሁትን ቅቤና የገንፎ ዱቄት ያደርሱልኝ ብዬ ላሸነፉት ልጆች ልሰጥ መኪናው ዘንድ ሄድሁ። ልጆቹ ከላይ ተሳፍረዋል። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ፣ "ቁልቁለቱ ክፉ ነው፤ ፍሬኑም እንደ ነገሩ ነው" ይላል። ጓድ ደምሴ አየኝና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ትናንት ያልሽው... ሾፌሩንም ብለሽዋል?"

"አላልሁትም። እሱ መንገድ ዳር አልነበረም።"

መኪናውን አየ፣ መንገዱን አየ፣ መነጽሩን ጠራረገ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ቡድኑ ተጠባባቂ ያስፈልገዋል! ጓዲት፣ ከፊት ግቢ!" አለ።

ገባሁ። ጓድ ደምሴም በእኔና በመስኮቱ መሐል ተጣቦ ተቀመጠ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "ያን ቃል ድገሚው።"

"ቄሴ ከልክለውኛል ጓድ። አርባ ስግደት አለብኝ።"

"እንግዲያው በልብሽ በይው" አለና መቀመጫውን ጨምድዶ ያዘ።

ሞጣ በደህና ደረስን። ልጆቻችን በሞጣ ልጆች ክፉኛ ተቀደሙ፤ እሱን እንተወው። እታለም ከጓሮ ስትመጣ እደጇ ቆሜ አየችኝና የያዘችውን እንስራ ለቀቀችው። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ማን አመጣሽ?" እያለች ታለቅሳለች።

"የቄሴ በቅሎ" አልኋት። እሑድ ሕፃኗን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ቆምሁላት።

ይህን ሁሉ ነግሬያት ስጨርስ ሰናይት ስልኳን ዘጋችው። ያችን የፈረንጅ ልጅ አልነቅፋትም፤ ቸኩላለች፣ የምትደርስበት አላት። እኔ ግን ያን ቀን ሳልቆም ባልፍ ኖሮ ሦስተኛ እወጣ ነበር፣ ሞጣም እደርስ ነበር፤ ያን ሁሉ ፊት ግን አላየውም ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ አሁን የሉም።

ትናንት ከሰናይት ጋር ገበያ ወጣን። አንዱን ስለ ልጁ፣ አንዷን ስለ ላሟ እየጠየቅሁ፣ ከየሰዉ ዘንድ ስቆም ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። ሰናይት ዘንቢሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዛውራለች። አራተኛው ሰው ዘንድ ስቆም ከኋላዬ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማሁና ቁጣ ጠበቅሁ።

"እማማ" አለችኝ፤ "እግዜር ይፍታዎ!"

እኔም ሄድሁ።