በጉርሻ የገባ ክኒን

ታላቅ ወንድሜ እኔ ሳላውቅ መድኃኒት በጉርሻ ያበላኝ ነበር። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተደረሰበት። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ከዚህ የባሰ ተደርጎበታል፤ አውቃለሁ። እኔን የማይለቀኝ ግን ይኼ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። እህል መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። አንድ ቀን እህል ያልሆነ ነገር አስጫኑን፤ ምን እንደሆነ አልጽፍም። ከዚያ ወዲህ ከመጋዘኑ በር ጀርባ አንድ ድምፅ በስሜ ይጠራኝ ጀመር። ቤት ስገባም ተከተለኝ። ከሰው ጋር መኖር ሲያቅተኝ ወንድሜ ጋሼ ተሾመ አሳስሮ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ላይ ክኒኑን አልውጥም ብዬ ነበር። ዶክተሩ ሳይቆጣ አስረዳኝ፤ ድምፁም ራቅ እያለ መጣ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጎተጉተኝ በራሴ እጅ እውጥ ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት በዚያው ሰሞን ስለሆነ የመድኃኒቱን ትእዛዝ ራሴ አነብ ነበር። ወንድሜ ይኼን ሲሰማ፣ "ዕብድ ካነበበማ ጤነኛው ምን ሊሠራ ነው?" ብሎ ቤቱን አሳቀብኝ።

ከዚያ ሰውነቴ ይደርቅ ጀመር። አንገቴ ይጣመማል፣ ለሃጬ ይዝረበረባል፣ እግሬ ይጎተታል። ኩንታል መሸከም ቀርቶ ኩባያ መያዝ አቃተኝ። ከሥራ አስወጡኝ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ግራ እጄን ማንሳት ቢያቅተኝ አንድ አብዮት ጥበቃ "ታሾፋለህ?" ብሎ በሰደፍ ወገቤን አለኝ።

አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ዶክተሩ መጠኑን ይቀንሳል፤ መድረቄ ግን አይቀንስም። ክኒኑን ቢለውጠውም ያው ነው። ግራ ገባው።

ቤታችን ማዕድ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚያጎርሰኝ ሁልጊዜ ወንድሜ ነው። ታላቅ ሲያጎርስ እምቢ አይባልም። ጉርሻው ይመረኝ ነበር። አብሽ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ለዶክተሩ፣ "ወንድሜ የሚያጎርሰኝ ምግብ ውስጥ አንድ ነገር አለ" አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ድምፁ ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተመለሰም አልኩት። አላመነኝም። ምግቤ ተመርዟል የሚል በሽተኛ ሲያይ ነው የሚውለው። ቀንሶት የነበረውን መጠን መልሶ ከፍ አደረገው።

ይባስ ብሎ እኔም አመንኩት። ጉርሻው ሲመረኝ፣ ይኼ ሕመሙ ነው እያልኩ እውጠው ነበር።

አንድ የማውቀው ሹፌር አዝኖልኝ ሞጆ የጭነት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጥበቃ አስቀጠረኝ። እዚያው እያደርኩ ሻይ ቤት እበላ ጀመር። የታዘዘልኝን ክኒን አላቋረጥኩም። ብዙ ሳልቆይ አንገቴ ተፈታ፤ ሻይ ሳልደፋ መጠጣት ቻልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ምክንያቱን ጠርጥሬዋለሁ።

ዶክተሩ ቀጥ ብዬ ስገባ አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ። ሞጆ ማን እንደሚያበላኝ ጠየቀኝ። በራሴ እጅ ነው የምበላው አልኩት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ወንድምህን ይዘህ ና አለኝ።

ወንድሜ አልካደም። ከሚያውቀው የጤና ጣቢያ ድሬሰር የእኔኑ ዓይነት ክኒን እየተቀበለ፣ ፈጭቶ በአዋዜ እያሸ ነበር የሚያጎርሰኝ።

"ራሱ ይውጣል ብሎ ማን ያምናል ዶክተር? ዕብድ እኮ ነው" አለ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ። ለእኔ ብሎ እንዳደረገው ማለ። ውሸቱን አልነበረም፤ የሚያንገበግበኝም ይኼ ነው።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እስከዚያ ቀን አንተ ሲለኝ ነበር የኖረው።

"ነግረውኝ ነበር፤ እኔ እንደ ሕመም ቆጠርኩብዎ። ተሳስቻለሁ" አለኝ።

ከዚያ መጠኑን ከታች ጀመርን። ሲያንስ ድምፁ ተመልሶ ይጠራኛል፤ ሲበዛ እጄ ይንቀጠቀጣል። የሆንኩትን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ሳያቋርጠኝ ይሰማኛል፤ ግማሽ ክኒን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ብዙ ወራት ፈጀብን። ወንድሜ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ታረቅን ተባለ። ቤቱ ግን እህል ሳልቀምስ ሞተ።

ዛሬ ድምፁ የለም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሲያይ ወይም የውሃው ጣዕም ሲለወጥበት፣ ሌላው በሽተኛ ሕመሙ ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ አልችልም። አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ወንድሜ የወሰደብኝ ይኼን ነው፤ የቱ ጥርጣሬ የኔ፣ የቱ የሕመሙ እንደሆነ መለየት አቅቶኝ እኖራለሁ። ለዚህ መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ። የለም አለኝ። ስላልዋሸኝ አመሰግነዋለሁ።

ለድምፁ ግን የክኒኑ ልክ ተገኝቷል። "በቃ፣ ከእንግዲህ አንነካውም" ብሎ የነገረኝ ጥር 18 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።