የፍየል በጠጥ ያልኩት ኩርኩፋ

«እማማ፣ አጎቴ ይሄ የፍየል በጠጥ ነው አለኝ!»

ዛሬ አርባ ምንጭ፣ የምግብ ባዛሩ ላይ፣ የአምስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሜሮን ናት እንዲህ የጮኸችው። በጆሮዋ ያንሾካሾክሁላት ግን እኔ ነኝ።

ምግቡ ከላንቴ ቀበሌ የመጡ አንዲት እናት ያቀረቡት ኩርኩፋ ነበር፤ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ድብልብል። የተሰለፉት ልጆች ሳቁ፤ ሁለቱ ሳህናቸውን መለሱ። እናትየዋ ድስታቸውን ከደኑ።

ሜሮን ከሳህናችን አንድ ድብልብል አንስታ ጎረሰች።

«እማማ፣ ይጣፍጣል! አጎቴ ውሸታም ነው!»

ልጆቹ ተመለሱ። እናትየዋም ለእኔ ሳህኑን ሞልተው፣ «ብላ ልጄ፣ ፍየሏ ደክማበታለች» አሉኝ።

ጨርሼ በላሁት፤ ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።

የእናንተስ ቀልድ ሰው አስከፍቶ ያውቃል? እስኪ ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልፈር።