ለዓሣው ያጠናሁት አማርኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ በነበረው ቤታችን፣ የጓሮዋን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ ሲመሻሽ ግን ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ እየጠበሱ ለእኔ ተረት ይነግሩኛል። ያኔ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነን፣ እኔም ገና ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የኦክላንድ ሐምሌ ብርድ አለው፤ ጉሙ ከባሕሩ በኩል ሲመጣ ሹራቤን ደርቤ ወደ ፍሙ እጠጋለሁ፣ ጢሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ከበሩ በላይ ያለውን አምፖል የእሳት ራቶች ይዞሩታል፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ታንኳቸውን ስለገለበጠው ዓሣ ይተርኩልኛል።

አንድ ምሽት በተረታቸው ከዝዋይ ወጥተው እዚሁ ካሊፎርኒያ ገቡ። ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት ወንዝ አለ አሉኝ፤ እዚያም ስሞልማውዝ ባስ የሚባል፣ ዓይኑ ቀላ ያለ፣ ድንጋይ ሥር የሚያደባ ጉልበተኛ ዓሣ አለ፤ መንጠቆው ሲይዘው ከውሃው ዘሎ ይወጣል።

«ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ በመጨረሻው ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን» አሉ።

«ሪሊ? ጀስት አስ?» አልኩ፤ እውነት፣ እኛ ብቻ? ማለቴ ነው።

ያኔ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም ነበር። እናቴ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ እሷ ትናደዳለች።

«ዓሣው እንግሊዝኛ አይሰማም» አሉኝ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «ከእኔ ጋር የሚሄድ ሰው በአማርኛ ነው የሚያቅደው።»

እኔም አቀድኩ። ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆ፣ ትል፣ ስንቅ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ካልኩት እንዳልሰማ ሰው ከሰሉን ያራግባሉ፤ በአማርኛ ስለው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉኛል። ከቤተ መጻሕፍት ስለ ዓሣ የሚናገር መጽሐፍ ተውሼ፣ ገጽ በገጽ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ እንደሚፈልግ፣ ጠዋትና ማታ እንደሚበላ። የሚወደውን ክሮውፊሽ፣ ያን ሸርጣን የሚመስል የወንዝ ፍጥረት፣ ምን እንደምለው ቢጨንቀኝ «ጥፍራም የውሃ ጉንዳን» አልኩት። ጋሽ ተፈራ ሳቃቸው እስኪያስላቸው ስቀው «ተይው፣ ዓሣው ይገባዋል» አሉኝ።

ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲከፈት በዕረፍቱ የት እንደሄድን ለክፍሉ እንድንናገር እንታዘዛለን፤ እናቴ ቅዳሜና እሑድም ስለምትሠራ እኔ የምናገረው ኖሮኝ አያውቅም። ዘንድሮ ነበረኝ። ለጓደኞቼ ሁሉ አስቀድሜ አውርቼ ጨርሻለሁ።

ቅዳሜው ደረሰ። ገና ሳይነጋ ተነሥቼ፣ ከጓሮ የቆፈርኩትን ትል በቅቤ ዕቃ፣ ዳቦዬን በፌስታል ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ተፈራ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። ሲያዩኝ ቆሙ።

«ሚሚዬ፣ ምነው በጠዋቱ?»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው።»

አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ድምፃችንን ሰምታ በሌሊት ልብሷ ብቅ ስትል፣ ወደ እሷ ዞረው «አልማዝ፣ እንደማንሄድ አልነገርሻትም እንዴ?» አሏት።

«እኔማ እርስዎ ይነግሯታል ብዬ!» አለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። «የኔ ቆንጆ፣ አማርኛ እንድትናገሪልኝ ብዬ እኮ ነው የለመንኳቸው። ጋሼ ዓሣ አጥምደው አያውቁም። ጉለሌ ነው ያደጉት፣ ውሃ ይፈራሉ።»

«ዝዋይስ?» አልኳቸው።

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

በእኛ ቤት ለልጅ የሚገባ ቃል ማባበያ ነው፤ ሲያለቅስ እንደሚሰጡት ከረሜላ። ይህን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጉዞው ብቻ አይደለም የተወሰደብኝ፤ ሐይቁም፣ ታንኳውም፣ በዚያ ፍም ዳር ያመንኩት ሁሉ አብሮ ሄደ። እንባዬ መጣ፣ ተነሥቼም ጮኽኩ።

«እርስዎን አምኜ ነበር! በየቀኑ እየዋሹኝ ነው በቆሎ ያበሉኝ! አንቺም እያወቅሽ ዝም አልሽ! ከእንግዲህ ሁለታችሁንም አላምንም!»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰሙልኝ፣ ጋሼ? አንድም እንግሊዝኛ የለበትም እኮ!»

እልል አለች። በዚያ ጠዋት፣ ጎረቤት ተኝቶ ሳለ፣ እኔ እያለቀስኩ እልል አለች። ጋሽ ተፈራም ራሴን ሳም አድርገውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እኔን ግን አልቀለለኝም። ከዚያ ወዲህ ተረት የሚነግረኝን ሁሉ የማዳምጠው ውሸቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር እየፈለግሁ ነው። አማርኛው ቀርቶልኛል፣ ይኸው እጽፍበታለሁ፣ እወደዋለሁም፤ ያለዚያ ክረምት እንደማይኖረኝም አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

እናቴ እስከ ዛሬ ሳን ሆዜ ዘመድ ቤት በተሰበሰብን ቁጥር ያን ጠዋት የደስታዋ ቀን አድርጋ ታወራዋለች። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ይቅር ብያት እንደሆነ ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።