ናፍጣ ወይስ ቤንዚን

ሽማግሌው ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ ጫማቸውን መስታወት አስመስለው፣ ቅንጡ መኪኖች ከሚሸጡበት አዳራሽ ገብተዋል። መዳፋቸው ግን የከባድ መኪና መሪ ያሻከረው ነው።

ሻጯ መጀመሪያ በቤንዚን የሚሠራውን መኪና አስነሳችላቸው። «ይስሙማ ጋሼ፣ ኮሽ አይልም እኮ!»

«ጉዱ እሱ ነዋ ልጄ! ባለቤቴ ዓይኗ ደክሟል። ዕድሜዋን ሙሉ መምጣቴን የምታውቀው በሞተሬ ድምፅ ነው። በዚህኛውማ እንደ ሌባ ልገባባት ነው!»

ሻጯ እየሳቀች ወደ ሁለተኛው መኪና አለፈች። ናፍጣው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ አዛውንት እያጉረመረመ ተነሳ። ሽማግሌው ቤታቸው ደውለው ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጉ።

«ውይ አንተ፣ ደረስክ እንዴ?» አለ የባለቤታቸው ድምፅ። «ቆይ፣ በሩን ልክፈትልህ!»

ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ፣ የናፍጣውን ቁልፍ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።