የእትዬ መርፌ ጉልበት

ሰፈርተኛው እትዬ መርፌ ይላታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ስትረግጥ ኖራ ቀኝ ጉልበቷ እምቢ አለ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙ ለመናት፦

"ቁስሉን ግማሹን በክር፣ ግማሹን ወረቀት በሚያያዝበት ዓይነት ብረት ልዝጋው? የትኛው እንደሚሻል እያወዳደርን ነው። የቱ የት እንዳለ ግን እስከ መጨረሻው አይነገርዎትም።"

ክር እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ስለነበረች ደስታ አላስቀምጥ አላት። ሐኪሙ አስረድቶ ሳይጨርስ ፈረመች።

ነርሷ ቁስሉን ባጠበች ቁጥር እትዬ መርፌ እንዳታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ለጠያቂዎቿ ግን "ብረት ሰው ይሰፋል እንዴ?" እያለች ስትፎክር ሰነበተች። ፉከራው ፍርሃት ነበረበት። ደንበኞቿን ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ ወስዶባታል፤ ክር በሰው ገላ ላይም ከተሸነፈ ምን ቀራት?

በስድስተኛው ሳምንት ጠባሳዋን አይታ የቱ እንደሚሻል እንድትፈርድ ጠሯት። ጎንበስ ብላ መረመረችው። ከጉልበቷ በላይ ያለው ግማሽ ቀጭን መስመር ነው፤ የታችኛው ግራና ቀኙ ተኮማትሯል።

"ላይኛው ክር ነው! ይሄ የሰው እጅ ነው፤ ካልሆነ ዓይኔ ይጥፋ!"

ነርሷ የታሸገውን ፖስታ ቀደደች። "ላይኛው ብረት፣ ታችኛው ክር" ብላ አነበበች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! እትዬ መርፌ ፊቷ ጋለ። ሐኪሙ ሊያጽናናት "አንድ ጉልበት ብቻውን አይፈርድም፤ ገና ብዙ ሰው አለ" አላት። አልሰማችውም። መነጽሯን አድርጋ የታችኛውን ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰች፤ በድንገት ዓይኗ በራ።

"ይሄን ክር የሳበው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቀኸዋል እኮ ልጄ! ክር ጫፍና ጫፍ ያገናኛል እንጂ አይጎትትም። ጀማሪ ሁሉ የሚፈታ እየመሰለው ያጠብቃል፤ ጨርቁም ይኮማተራል።"

"እውነትዎን ነው፤ እንዳይከፈት ፈርቼ ነው" አለ ሐኪሙ አንገቱን እያከከ።

"እንግዲያው ቅዳሜ ሱቄ ና!"

መጣም። እትዬ መርፌ በዳነው እግሯ መኪናዋን እየረገጠች፣ እሱን ዱካ ላይ አስቀምጣ ስስ ሐር በእጁ አሰፋችው። ሦስቴ አስፈታችው። በአራተኛው ጨርቁ አንድም ቦታ ሳይኮማተር ዝርግት ብሎ ተኛ። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ አገላብጣ አየችው፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

ተመልሳ ተቀመጠችና ግራ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች።

"ይሄኛውም እየጠዘጠዘኝ ነው። ሙሉውን በክር ትዘጋልኛለህ።"