የዋጫዋ አንባቢዎች

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የተማሪዎች ድርሰት ሳርም፣ አጠገቤ የነበረው የኬሚስትሪ መምህር ቢኒያም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ብቻውን ሳቀ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ቦንጋ ላይ ዝናብ ሲጀምር ሰው ወይ ይተኛል ወይ ያነባል። ቢኒያም ተመድቦ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ምን እንዳሳቀው ስጠይቀው፣ አንዲት ደራሲ ዓርብ ዓርብ በኢሜይል የምትልከው የልብ ወለድ ደብዳቤ መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎ ስልኩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ «የዚህ አገር ልጅ እኮ ናት። እርስዎንም ላስመዝግብዎት?» አለኝ።

ከደብዳቤው ግርጌ ያለውን ፊርማ አየሁት። «የዋጫዋ» ይላል። ሌላ ጊዜ ብዬ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤ ከዚያ በኋላ ያረምኩት ድርሰት የማን እንደነበር ግን አላስታውስም።

እኔ ቦንጋ የመጣሁት በሃያ አምስት ዓመቴ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ የአማርኛ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ስመጣ ሐሳቤ ሁለት ዓመት አገልግሎ መመለስ ነበር። የተከራየሁት እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ነው። ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ የምትጋራው እኩያዬ አስካለ ነበረች፤ ከዋጫ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የቡና መንደር ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መረጃ በኮምፒውተር የምትመዘግብ። ራት አብረን እንበላለን። ጎደሬ ቀቅሎ በቆጭቆጫ መብላት ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን ቃሪያው እንባዬን አወረደው፤ በወሩ ግን ያለ እሱ ምግብ የማይጥመኝ ሆንኩ።

ደብዳቤውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህን ዛሬም መናገር ደስ ይለኛል፣ ይቅር ይበለኝ። ጅማ ለሥልጠና ሄጄ ሳለሁ፣ ማተሚያ ቤት ሳይጠብቁ ታሪካቸውን በየሳምንቱ ለተመዘገበ አንባቢ በኢሜይል የሚልኩ ደራሲያን መኖራቸውን ሰማሁ። ስመለስ አጫጭር ልብ ወለዶቼን መላክ ጀመርኩ። የተመዘገቡልኝ አብረውኝ የተማሩ ልጆች፣ እህቴ፣ ጥቂት መምህራንና አስካለ ነበሩ። አስካለ ዓርብ ማታ ደብዳቤዬን አንብባ ስትጨርስ ግድግዳውን ታንኳኳለች፤ ወዳዋለች ማለት ነው። አንድ ቀን እሷም የምትሞነጫጭረው ነገር እንዳላት እያፈረች ነገረችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አድራሻ ከፈትኩላት፤ የአንባቢ ዝርዝር እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት። ስሟን መጻፍ ስላሳፈራት «የዋጫዋ» ብላ ፈረመች። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ ነበርኩ።

የእሷ ታሪክ ስለ ድንቅነሽ ነው። ድንቅነሽ ባሏ ሲሞት የእሱን ባጃጅ መንዳት የጀመረች ሴት ናት፤ በየሳምንቱ አንድ ተሳፋሪ ትጭናለች፤ ተሳፋሪው የራሱን ጣጣ ይዞ ይገባል። አስካለ አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ስለሆነ ስትጽፍ አንዳንዴ ወንዱን ሴት ታደርገዋለች፤ ዓረፍተ ነገሩም ያለ ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሐሙስ ሐሙስ ረቂቋን ታመጣልኝና አርምላታለሁ። የመጀመሪያውን ሳነብ ሳቅሁ። ሁለተኛውን ሳነብ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ድንቅነሽ በሕይወት አለች፤ ከባጃጇ ወርዳ ጎማውን በእግሯ ስትመታው ይሰማኛል። እኔ ያን ያህል ታሪክ ጽፌ፣ ከወረቀቱ ተነስቶ በእግሩ የሄደ አንድ ሰው አልነበረኝም።

በዚያ ላይ ለጻፈላት ሁሉ ትመልሳለች። እኔ ደራሲ ከአንባቢው ራቅ ማለት አለበት ባይ ስለነበርኩ፣ አድናቆት ሲመጣልኝ አነበውና እዘጋዋለሁ። አስካለ ግን ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ለአንድ ለአንዱ ትጽፋለች። እናቱ የታመመችበትን ስለ እናቱ፣ ፈተና የደረሰባትን ስለ ፈተናዋ ትጠይቃለች። እነሱም ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ ያወራሉ። ክረምቱ አልፎ የመንገዱ ጭቃ ሲደርቅ የእሷ ዝርዝር ከእኔ በልጦ ነበር፤ የቡናው ፍሬ መቅላት ሲጀምር ደግሞ መቁጠር ተውኩ። ተውኩ ስል በእሷ ፊት ነው እንጂ፣ ብቻዬን ስሆን በየማለዳው እቆጥር ነበር። ከእኔ ዝርዝር የወጣውንም በስም አውቀው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ለመምረጥ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ፣ ሁለት ሴቶች ድንቅነሽ ምጥ የያዛትን ሴት በዝናብ እንዴት እንዳደረሰቻት ሲያወሩ ሰማሁ። ስለ ጎረቤታቸው የሚያወሩ ነበር የሚመስለው። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ። ሆዴ የገባው ነገር ስሙ ቅናት እንደሆነ አላጣሁትም፤ የአማርኛ መምህርት ነኝ፣ የቃል ችግር የለብኝም። ግን የአንድን በሽታ ስም ማወቅ ከበሽታው አያድንም። አስካለ ይህን ሁሉ ሳታውቅ በሚቀጥለው ደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ፣ «መጻፍ ያስጀመረችኝ ጓደኛዬ ናት፣ እሷንም አንብቡልኝ» ብላ አድራሻዬን አስቀመጠች። ሰዎች መጡ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ሄዱ። ባትልካቸው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እርማቴ ሌላ መልክ ያዘ። የድንቅነሽን ንግግር ወደ መጽሐፍ አማርኛ እለውጠዋለሁ፤ ቀልዷን ለጨዋ ጆሮ አይሆንም ብዬ እሰርዘዋለሁ። አስካለ አመስግና ትወስድና፣ ዓርብ ሲላክ ግማሹን ወደነበረበት መልሳው አገኛታለሁ። እሷም ለምን ሰረዝሽው አላለችኝ፤ እኔም ለምን መለስሽው አላልኳትም።

ኅዳር ላይ መሥሪያ ቤቷ ለሦስት ሳምንት ሥራ ራቅ ወዳለችው ደካ ከተማ ላካት። ያን ጊዜ እዚያ ኔትወርክ ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚጠፋ ነበር። የሦስቱን ሳምንት ታሪክ ጽፋ ጨርሳ፣ ዓርብ ዓርብ እንድልክላት የይለፍ ቃሏን በወረቀት ሰጠችኝ። የአንባቢ ደብዳቤ ከመጣ ስትደውል እንዳነብላትም ለመነችኝ። ሻንጣዋን ይዤ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት።

በሁለተኛው ሳምንት ከዋጫ አንድ ደብዳቤ መጣላት። የጻፉት ጋሽ ወልዴ የሚባሉ በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። አንባቢዎቿ እርስ በርሳቸው ተጻጽፈው በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦንጋ፣ በአንድ ሆቴል ግቢ ሊገናኙ ተስማምተዋል፤ የዋጫዋ ብትገኝላቸው ደስታቸው ነው። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔን ማንም አንባቢ ላግኝሽ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በአስካለ አድራሻ፣ በአስካለ ፊርማ፣ «እመጣለሁ» ብዬ መለስኩ። አንባቢ፣ ቀጥሮ የቀረበትን ደራሲ እንደሚቀየም አውቃለሁ፤ ያሰብኩትም ይህንኑ ነበር። ዛሬ ሌላ ሰበብ ልፈልግለት አልፈልግም።

በማግስቱ ደወለች። ድምጿ ይቆራረጣል።

«ደብዳቤ መጣ?» አለችኝ።

«ምንም የለም» አልኳት።

ታሪኩ ሰልችቷቸው ይሆናል አለች። እኔም ሰዉ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው ብዬ አጽናናኋት።

እሑድ ለመሄድ አላሰብኩም ነበር፤ እግሬ ወሰደኝ። ቁልቁል እየወረድኩ ለራሴ የነገርኩት፣ ጥግ ይዤ አንድ ለስላሳ ጠጥቼ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ሲጠብቁ፣ ሲሰለቹ፣ ሲበተኑ ማየት ነበር የፈለግኩት። በግቢው ውስጥ፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር፣ ጠረጴዛ ገጣጥመው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። ገና ከበሩ ስገባ አንዲት ነርስ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ያላወለቀች፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ «የዋጫዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ሁሉም ዞሩ። ያን ያህል ሰው እንደዚያ በደስታ አይቶኝ አያውቅም።

«አዎ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ሳስታውስ ያሳፍረኛል፤ እውነቱን ልናገርና፣ ይጣፍጠኛልም። መሐል ላይ አስቀመጡኝ። ጋሽ ወልዴ ከዋጫ ድረስ በሚኒባስ ያመጡትን አንድ ጣሳ ነጭ ማር ፊቴ አኖሩ። ነርሷ ወረፋ ለሚጠብቁ እናቶች ታሪኩን ጮክ ብላ እንደምታነብላቸው ነገረችኝ። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድንቅነሽ መካኒኩን ታግባ አታግባ ተከራከሩ። አንድ ባለ ባጃጅ ደግሞ በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ የፍሬኑ ነገር ልክ እንዳልሆነ በአክብሮት አረመኝ። ታሪኩን ቃል በቃል ስለማውቀው የሚጠይቁኝን ሁሉ መለስኩ። የቆሎ ሰሃን ይዞራል፤ ፀሐይዋ በቅጠሉ መሐል ታልፋለች፤ እኔ ደራሲ ነኝ።

በኋላ ከተማሪዎቹ አንዷ የድንቅነሽ መጨረሻ ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ይህን አስካለ አልነገረችኝም። ከራሴ አውጥቼ፣ ባጃጇን ሸጣ አዲስ አበባ ትገባለች አልኩ። ባለ ባጃጁ አንገቱን ነቀነቀ።

«ድንቄ ባጃጇን አትሸጥም» አለ።

እስከዚያ ድረስ ጋሽ ወልዴ ብዙም አልተናገሩም። ወደ እኔ ዘንበል ብለው በካፊኖኖ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ፈገግ አልኩ። ቀስ አድርገው ደገሙልኝ። እኔ ከሰላምታ በቀር አላውቅም ነበር፤ ዋጫ የተወለደች ልጅ ደግሞ አላውቅም ልትል አትችልም። የነርሷ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ጎረቤቷ ነኝ። እሷ ያለችው ደካ ነው፣ መገናኘታችሁንም አታውቅም። እመጣለሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የተቆጣኝ ሰው የለም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ጋሽ ወልዴ ብቻ፣ «ታዲያ ለምን አዎ አልሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። ልሄድ ስነሳ ማሩን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡ። «አደራ፣ ለእሷ አድርሺ» አሉኝ። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት፤ ባለ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ አልፈውኝ ሲሄዱ ቀና ብዬ አላየሁም።

አስካለ በሳምንቱ ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ማሩን ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእርማቱንም ጭምር። ስንት ሰው እንደመጣ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወረቀት አውጥታ፣ ማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳለ በየተራ እየጠየቀች ጻፈች። ባለ ባጃጁ ያለውን ስነግራት ፈገግ አለች። ፈገግታው ለእሱ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና፣

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ አብረን እንሄድ ነበር» አለችኝ።

በዚያ ሳምንት ለአንባቢዎቿ፣ በቀጠሮው ባለመገኘቷ ይቅርታ ጠይቃ ጻፈች፤ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ፣ የእኔን ስም ሳታነሳ። በሚቀጥለው ዓርብ ደብዳቤዋን ብጠብቅ አልመጣልኝም። ኔትወርኩ ነው ብዬ ቅዳሜንም ጠበቅሁ። ሰኞ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለ አዲሱ ታሪክ ሲያወሩ ስሰማ ከዝርዝሯ እንዳወጣችኝ ገባኝ። በወሩ ሌላ ቤት ተከራይታ ወጣች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ እንባባላለን። በኋላ ሥራዋን ለቅቃ ከቦንጋ እንደሄደች ሰማሁ። እኔ ጥር ሳይወጣ የራሴን ደብዳቤ አቆምኩ፤ ለምን አቆምሽ ብሎ የጻፈልኝ አንድም አንባቢ አልነበረም። እኔ ግን ከቦንጋ አልሄድኩም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ካፊኖኖም ተማርኩ። ጋሽ ወልዴ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ ገበያ አግኝቻቸው በቋንቋቸው ሰላም ብያቸዋለሁ። አላወቁኝም፤ ወይም ያላወቁ መሰሉ።

ባለፈው ወር፣ ቢኒያም ላስመዝግብዎት ባለኝ ዕለት፣ ቤቴ ገብቼ ራሴ ተመዘገብኩ፤ በሙሉ ስሜ። ወዲያው ለአዲስ አንባቢ ሁሉ የሚላከው መልእክት መጣ፤ ማን እንደሆንኩና ከየት እንደማነብ ይጠይቃል። ብዙ ጻፍኩ፣ ብዙ ሰረዝኩ። በመጨረሻ፣ «መሠረት እባላለሁ፤ የማነብሽ ከቦንጋ ነው» የሚለው ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ቀን መልስ ላከችልኝ፦ «ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ዓርብ ዓርብ ይደርስዎታል።»

አንቱ ብላኛለች። ረስታኝ ይሁን አስታውሳኝ አላውቅም፤ እጠይቃት ዘንድም መብት ያለኝ አይመስለኝም። ዓርብ ዓርብ ይደርሰኛል፤ አነባለሁ፤ ጥሩ ነው፤ አሁንም አንዳንድ ዓረፍተ ነገሯ ያለ ማሰሪያ ይቀራል፣ እኔም አልነካውም። ዕድሜ ቅናትን ያጠፋዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንዳየሁት ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ትናንት ቢኒያም ከእሷ የደረሰውን መልስ እየሳቀ አነበበልኝ፤ እሱም በባጃጇ ፍሬን ነገር ተከራክሯት ኖሮ፣ «አንተ ደግሞ መካኒክ ነህ እንዴ?» ብላዋለች። ድሮ በእሷ እቀና ነበር። ትናንት የቀናሁት በእሱ ነው።